ቁልፍ የሌለው ሣጥን

ሺኮኩ ደሴት፣ ከዳገቱ ወገብ፣ ከአስፋልቱ ጥግ ላይ፣
አንዲት ዳስ ቆማለች፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ደፍታ ለዝናብ ለፀሐይ።
መንደሪን በመረብ፣ ደብርጃን በቅርጫት ደርድራ ትውላለች፤
ሻጭ የላት፣ ዘበኛ የላት፤ ብቻዋን ትነግዳለች።
አላፊው ይቆማል፤ ዓይኑ የወደደውን ያነሣል፤
መቶ የን ከጣሳው ሣጥን ይጥላል፤
ቅጭል ይላል።
ይሄዳል።

ካኔጂሮ ነው የሠራት፣ ጦርነቱ ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣
ሩዝ በፍሬ ሲቆጠር፣ ስኳር ሲሆን መድኃኒት።
«ቁልፍ አያሻትም» አለ፤ «የዚህ መንደር ሰው አይሰርቅም።»
እውነትም፣ ሰላሳ ዓመት ማታ ማታ ሲቆጥር አንዲት የን አልጎደለችም።
እንዲያውም ይተርፍ ነበር፤ ትናንት ዝርዝር ያጣ
ዛሬ ዕዳውን በብጣሽ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ይቅርታ ጽፎበት ሲመጣ።

ዛሬ ቁልፍ አለ። ካሜራም ከምሰሶው ተሰቅሏል፤
የልጅ ልጁ ቺዙሩ ናት። ምን ታድርግ? አምና ሰባት ቅርጫት ተዘርፏል፤
ሣጥኑ ውስጥ የተገኘውም የቁማር ቤት ሣንቲምና የሸሚዝ ቁልፍ ነበር።
አባቷ ቶሺናሪ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ ከዘራውን ተክሎ ከአጥር ሥር፣
የካሜራውን ቀይ ዓይን አየና «ሰው አለቀ» አለ።
«አባቴ እንኳን ይህን አላየ፤ እንኳን ቀድሞ ተከለለ።»
ጎረቤቱም ራሱን ነቀነቀ፦ ድሮ ቀረ፣ ድሮ ቀረ፤
ያ ትውልድ የታመነ፣ ይሄ ከሥሩ የተቦረቦረ።

እዚህ ላይ ባቆም ግጥሙ ያምር ነበር።
ግን ቤት ቆጥ አለው።

ጣሪያው አፍስሶ ቺዙሩ ብትወጣ፣ ከአይጥ ኩስ መሐል አንድ ጥቅል አገኘች፤
የዘር መዝገብ ነው፤ አምስት ልጆች፣ ሦስተኛዋ በጥቁር ቀለም የተሰረዘች።
ወረቀቱን ገልብጣ፣ በመስኮቱ ብርሃን አነበበች ከጀርባ፦
ሺጌ። የካኔጂሮ እኅት። አሥራ አራተኛ ዓመቷ ሲገባ
ክንዷ ላይ ነጭ ነጥብ ወጣ፤ መርፌ ቢወጉት የማይሰማት።
ይኸው መንደር፣ የሰው ሣንቲም የማይነካው መንደር፣ በሌሊት
ከውኃው ጉድጓድ አራቃት፤ ከጀልባ ላይ ጫናት፤
እስከ ሥጋ ደዌው ደሴት ወንድሟ አደረሳት፣ ስንቋን ራሱ ተሸክሞላት።
ተመልሶ ብዕር አነሣ፤ ፍራሿን አቃጠለ።
ማታ ሣጥኑን ቆጠረ፤ ምንም አልጎደለ።

መድኃኒቱ ተገኘ፤ ዳነች። ሃምሳ ሰባት ዓመት ግን «ነይ» የሚላት አጥታ እዚያው ኖረች፤
ዐመድ ሆና፣ ቁጥር ተለጥፎባት፣ ከመደርደሪያ ተቀመጠች።

ካሜራ የሰቀለችው፣ ሰው የማታምነው ቺዙሩ፣
ባሕር ተሻግራ አመጣቻት፣ ስሟ ይመለስ ብላ ወደ መንደሩ።
ማሰሮዋን በሰማያዊ ጨርቅ ቋጥራ፣ ከጎኗ ወንበር አኑራ፣
ቀበቶ አሰረችላት፤ መታጠፊያው ላይ በአንድ እጇ ደግፋ፣ እንደ ልጅ አባብላ፣ አናግራ።

ቶሺናሪ ከደጅ ቆሞ ነበር። ከዘራው ተንቀጠቀጠ።
«ደብዳቤ ይመጣ ነበር» አለ፤ ድምፁ ተቆራረጠ፤
«በየአዲስ ዓመቱ። አባቴ ሲያዘኝ፣ ምድጃ ውስጥ የምከት እኔ ነበርኩ።
ሰባት ዓመቴ ነው። ማንበብ ችዬ ነበር፤ እያነበብኩ አቃጠልኩ።»

ታዲያ ወጣን ወይስ ወረድን? ሚዛን የያዘ ይንገረኝ።
እኔ የማውቀው፣ በማግሥቱ ንጋት፣
ቺዙሩ ሣጥኑን ስትከፍት፣ ከሣንቲሙ መሐል ብጣሽ ወረቀት፣
የሚንቀጠቀጥ ጽሕፈት፦
«አንድ መንደሪን ለሺጌ ወስጃለሁ። ዝርዝር የለኝም፤ ዕዳ አለብኝ።»

በሳምንቱ ሁለት ቅርጫት ደብርጃን ጠፋ።
ካሜራው የቀዳው አንድ ጃንጥላ ብቻ ነው፣ ሌሊቱን ሲያካፋ፤
ዳገቱን ይውጣ፣ ይውረድ፣
አይለይም።